ዘር ቆጠራ በኮምፒውተር፦ ገና «ሰርኔም» የሚለው ሳጥን ላይ ቆሜያለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ታሪኩ ግን ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። የወንድሜ ልጅ ሊያገባ ነው። ሽማግሌ ተልኮ ነገሩ ሁሉ ካማረ በኋላ የልጅቷ አያት ሁለታችንም ወገን ከምንጃር መሆናችንን ሰሙ። እንግዲያውስ እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ይምጣ አሉ። ዕዳው እኔ ላይ ወደቀ። ለምን? ላፕቶፕ ስላለኝ። መጀመሪያ በወረቀት ሞከርኩት። ሦስተኛው ቤት ላይ ስደርስ መስመሮቹ ተጠላልፈው የሰፈራችን የመብራት ምሰሶ ላይ ያለውን ሽቦ መሰሉ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግራምፕስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ጠቆመኝና ጫንኩት። ሰው መጨመሪያውን ከፈትኩ። ስም ይጠይቃል፤ የራሴን ጻፍኩ። ቀጥሎ «ሰርኔም» ይላል። የቤተሰብ ስም ማለቱ ነው። እኛ ደግሞ የለንም። የአባቴን ስም ጻፍኩና አለፍኩ። አባቴ ላይ ስደርስ የአያቴን ስም ጻፍኩ። ከዚያ በአባቴ ሥር ወንድሜን ልጨምር ስል ፕሮግራሙ ቀድሞኝ የአያቴን ስም ሞላለት። ወንድሜ በአንድ ጠቅታ የአባታችን ወንድም ሆኖ ቁጭ አለ።

እናንተ እንዴት ጀመራችሁ? ሳጥኑን በምን ትሞሉታላችሁ? የዘመን አቆጣጠሩንስ ምን አደረጋችሁት?

(ከዚህ በታች ያለውን የጨመርኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። መልሱ 24 ስለደረሰና መሀሉ ላይ ጠብ ስላለበት፣ አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም ከማንበብ ይገላገል ብዬ በራሴ አባባል ልተርክላችሁ።)

1ኛው መልስ የመጣው ለገጣፎ ከሚኖር የሶፍትዌር ሰው ነው። በጣም ትሁት። የአባትህን ስም ሰርኔሙ ላይ ጻፍ፣ አጠገቡ ስሙ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ምርጫ አለ፣ እሱ ላይ የአባት ስም የሚለውን ምረጥ አለኝ። ልጅ ሲጨመር ፕሮግራሙ ስም የሚገምትበት መንገድም ማስተካከያው ውስጥ እንደሚገኝ ነገረኝ። እዚያ የአይስላንድ ዘዴ የሚባል አለ፤ አይስላንዶችም እንደኛ በአባታቸው ስም ስለሚጠሩ እሱን አድርገው አለ። ደስ አለኝ። አደረግኩት። አክስቴን ስጨምር የአያቴን ስም በትክክል አመጣና መጨረሻው ላይ «ዶቲር» ብሎ ቀጠለበት። የእገሌ ሴት ልጅ ማለት ነው በነሱ ቋንቋ። የምንጃሯ አክስቴ ለአምስት ደቂቃ ያህል አይስላንዳዊት ሆነች።

2ኛ ላይ አንዲት እህት ይህን አይታ ሳትስቅ አልቀረችም። መፍትሔዋ አጭር ነው፦ ግምቱን ጨርሶ አጥፋውና በእጅህ ጻፍ። እሷ ዓመት ሙሉ እንዲህ እየሠራች ነው። የመጀመሪያው ሰውዬ በ3 ይቅርታ ጠየቀ፤ የአይስላንዱን ራሱ ሞክሮት አያውቅም ነበር። እንግዲህ የሳጥኑ ጉዳይ እዚህ ላይ አለቀ። ስም፣ የአባት ስም፣ ግምት የለም። የአያት ስም አያስፈልግም፤ የዘር ዛፉ ራሱ ያሳየዋል።

4ኛው ከጅግጅጋ ነው። እነሱ ዘንድ ልጅ ገና በትንሽነቱ አብቲርሲውን፣ ማለትም የአባቶቹን ስም ዝርዝር፣ በቃሉ እንደሚወጣና ሶፍትዌሩ ጭንቅላት ውስጥ እንዳለ ጽፎ ሄደ። ትንሽ ጉራ አለበት ግን ቀናሁ።

5ኛውን መልስ ብዙ ሰው ወዶታል፣ እኔም። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ኮምፒውተሩን ዝጋው አሉኝ። በዕድሜ የገፋው ዘመድ ማነው? መጀመሪያ እሱ ጋ ሂድ፣ ድምፁን ቅዳ፣ ፕሮግራሙ የትም አይሄድብህም። ስትጽፍም ከራስህ ጀምረህ ወደ ላይ ውጣ እንጂ ስሙን ከምታውቀው ታላቅ ሰው ጀምረህ ወደ ታች አትውረድ፤ ከላይ የሚጀምር ሁሉ መጨረሻው ንጉሥ ጋ ነው ብለዋል። እውነታቸውን ነው። እኛም ቤት አንድ ንጉሥ አለ ይባላል።

ቅዳሜ ጠዋት ሰንዳፋ ሄድኩ፣ አክስቴ ጋ። 79 ዓመቷ ነው። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ስልኬን መቅጃው ላይ አድርጌ ሰፌዱ ጫፍ ላይ አስቀመጥኩት። አባቶቹን ጠየቅኳት። በጣቶቿ አንጓ ላይ እየቆጠረች፣ ትንፋሽ ሳትወስድ፣ እንደ ዳዊት ደገመችልኝ። ሰባት ቤት ብዬ ስምንት ሰጠችኝ። እሺ፣ የእናትሽ እናትስ ማን ትባላለች አልኳት። እጇ ምስሩ ውስጥ ቆመ። ቆየች። ከዚያ ቡና ላፍላ ብላ ተነሳች። ቀረጻው ላይ ከዚህ በኋላ የሚሰማው ዶሮ ብቻ ነው።

ወደ ክሩ፣ ማለትም ወደ መልሶቹ ተራ፣ ልመለስ። 6ኛው ሒሳብ የሚወድ ልጅ ነው። ሁለት ወላጅ፣ አራት አያት፣ ስምንት ቅድመ አያት እያለ እስከ ሰባተኛው ቤት 128 ሰው አወጣ። ሲደመር 254 ለአንድ ሰው ብቻ። ለሁለቱ ተጋቢዎች 508። 7ኛው ላይ ቁጥሩ ልክ ቢሆንም አንድ ሰው በሁለት መንገድ አያት ሊሆን ስለሚችል እውነተኛው ሊያንስ እንደሚችል አረመው። የኛ ጭንቀት ደግሞ ያ ነው፤ በ508ቱ ውስጥ ለሁለቱም የጋራ የሆነ አንድ ሰው እንዳይገኝ።

8ኛዋ ላይ ድምፁ ተቀየረ። እስካሁን በዚህ ክር የተጠራው ስም ሁሉ የወንድ መሆኑን አይታችኋል ወይ ብላ ጀመረች። ከ254ቱ ግማሾቹ 127 ሴቶች ናቸው። ሰባት ቤት የሚባለው በእናትም በአባትም ነው፤ እናንተ የምታመጡት የአባት መስመር ሰባት ሰው ነው፣ ከዚያ ተቆጠረ ትላላችሁ፣ የቀሩት 247 ሰዎች የት ሄዱ? መራር ነበረች። የአክስቴ እጅ ትዝ አለኝና ምንም አልመለስኩላት።

ከ9 እስከ 11 ጠብ ነው። አንዱ ሰባት ቤት የድሮ ነገር ነው፣ በሦስትና በአራት የሚያገቡ አገሮች ሞልተዋል፣ ልጆቹን ተዉአቸው አለ። ሌላው ሥርዓት አታፍርሱ ብሎ ተነሣ። ሦስተኛው ወደ አቆጣጠሩ ገባ፦ አንድ ተብሎ የሚጀመረው ከራስ ነው ወይስ ከአባት? በዚህ ብቻ አሥራ ምናምን መስመር ተጻጻፉ። መሀል ላይ ከቅድመ አያት በላይ ያለው ቅም አያት ነው፣ የለም ምንዥላት ነው፣ ምንዥላትና እንጅላት ማን ይቀድማል የሚል ሌላ ክርክር ተወለደ። አገር በአገር የተለያየ መሆኑን ማንም ሊቀበል አልፈለገም። ስድብ ሲመጣ አወያዩ ሁለት ጽሑፍ አነሣ። በኔ በኩል ማወቅ የሚፈልግ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ ባይ ነኝ። ግራምፕስ ውስጥ ሁለት ሰው መርጠህ ዝምድናቸውን የሚነግር መሣሪያ አለ፤ እሱ ግን የሚያውቀው አንተ የነገርከውን ብቻ ነው።

12ኛው የቀን ጥያቄዬን ያስታወሰ የመጀመሪያው ሰው ነው። ግራምፕስ ከግሪጎሪያን ሌላ የጁልያን፣ የዕብራውያን፣ የእስልምና፣ የፋርስና የስዊድን አቆጣጠር አለው። የፈረንሳይ አብዮት አቆጣጠር ሳይቀር አለው፣ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ብቻ የሠራው! የኛ የለም። ጳጉሜ የተወለደ ሰው ማስገባት አይቻልም። ስለዚህ የእሱ ዘዴ እንዲህ ነው፦ የቀኑ ሳጥን ውስጥ የፈረንጁን ያስገባል፣ ማብራሪያው ላይ የኛውን እንዳለ ይጽፋል። ዓመቱ ብቻ ከታወቀ በሁለት ዓመት መካከል ያደርገዋል። ለምሳሌ የኛ 1928 የጀመረው ሴፕቴምበር 12 ቀን 1935 ስለሆነ «ከ1935 እስከ 1936 ባለው» ይላል። ዝም ብሎ ስምንት መደመር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለውን ያበላሻል፤ እዚያ ልዩነቱ ሰባት ነው። እኔ ያን ጊዜ 40 ሰው አስገብቼ ነበር፣ ሁሉም ላይ ስምንት ደምሬ።

13ኛውን መልስ አትሜ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ጸሐፊው ሱሉልታ አካባቢ የሚያገለግሉ መሪጌታ ናቸው። አረጋውያን ዓመቱን በቁጥር አያውቁትም፣ ወንጌላዊውን ግን ያውቁታል አሉ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረህ ለአራት አካፍል። አንድ ከቀረ ዘመነ ማቴዎስ፣ ሁለት ከቀረ ማርቆስ፣ ሦስት ከቀረ ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። ቀኑንም በበዓል ነው የሚያስታውሱት። የሰኔ ሚካኤል ማግስት ካሉህ ሰኔ 13 ማለት ነው፣ ኪዳነ ምሕረት ዋዜማ ካሉህ 15። ከዚህ ጋር የአገር ታሪክ ማስያዝ ነው፦ ክፉ ቀን፣ ዐድዋ፣ የሰገሌ ጦርነት፣ የኅዳር በሽታ፣ የጣልያን መግባትና መውጣት፣ የታኅሣሥ ግርግር።

ወዲያው ሞከርኩት። አባቴ መታወቂያው ላይ የ1930 ነበር። አክስቴ ደግሞ ቀረጻው ላይ እሱ የተወለደው ጣልያን ከወጣ በኋላ፣ በመጀመሪያው ዘመነ ሉቃስ ነው ትላለች። ጣልያን የወጣው በ1933 ነው። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ሉቃስ 1935። ሰውዬው በአምስት ዓመት አረጀብን! ጡረታውም በዚያው ነበር የተሰላው፣ ነፍሱን ይማርና። አያቴን በሰገሌ ዓመት ተወለደ ብላኛለች፣ 1909 ማለት ነው። የእሱ አባት በኅዳር በሽታ ሞተ፣ 1911። ልጁን ገና ዳዴ ሲል ትቶት። ይህን ሳጥን ውስጥ ስሞላ ቁጥሮቹ አጠገብ ላጠገብ መጡና ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ አያቴ አባቱን አያውቀውም ነበር ማለት ነው።

14 አጭር ጥያቄ ነበር፦ የልደት ምስክር ወረቀት ቀበሌ አይገኝም ወይ? 15ኛው መለሰለት። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ነው፣ ከዚያ በፊት ላለው ሰው የቤተ ክርስቲያን ክርስትና መዝገብ፣ የዕድር መዝገብ፣ የመቃብር ድንጋይ፣ የቤት ዳዊት ባዶ ገጾች ላይ የተጻፈ ካለ እሱን ፈልግ ብሏል። የእሱ አያት ዳዊት የኋላ ቅጠል ላይ የሰባት ልጆች ልደት በቀይና በጥቁር ቀለም ተጽፏል። ቀይ የተጻፉት የሞቱት ናቸው።

16ኛዋ ስለ ፊደል ናት፣ ትንሽ የሚመስል ትልቅ ነገር። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሃይ፤ ለኛ አንድ ሴት፣ ለኮምፒውተሩ አራት። እሷ አንዲት አያቷን ሦስት ጊዜ አስገብታ፣ ሦስት ባል ድራ፣ ከወራት በኋላ ነው የነቃችው። ከመጀመሪያው አንድ አጻጻፍ ምረጥና በሱ ጽና፤ ሰነዱ ላይ ያለውን ሌላውን በተለዋጭ ስም አስቀምጥ። ዛፉን ስታትም ፊደሉ ባዶ ካሬ ከሆነብህ ደግሞ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ምረጥ፣ ለምሳሌ ናያላ።

17ኛው ግራምፕስ ለስልክ አይሆንም ብሎ ፋሚሊ ሰርች የተባለውን መከረ። ነፃ ነው፣ በስልክ ይሠራል። 18ኛው ዘለለበት። እዚያ ዛፉ አንድ ነው፣ የሁሉም ሰው የጋራ ነው፤ በሕይወት ያሉት ይደበቃሉ፣ የሞቱትን ግን ማንም ገብቶ ያስተካክላል። የሱን ቅድመ አያት አንድ የማያውቀው ሰው ሌላ ሚስት አጋብቶለት አገኘ። በዚህ ዘመን የሰው ዘር ኢንተርኔት ላይ መዘርገፍ ጤናማ ነው ወይ ብሎም ጨመረ፣ ጫን ባለ ቃል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ የራሴ ላፕቶፕ ላይ መቆየቱን መርጫለሁ።

19ኛው ሰበታ የሚኖሩ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ከሁሉም ያስተማሩኝ እሳቸው ይመስሉኛል። አያታቸው ርስት ተሟጋች ነበሩ። ዘር የሚቆጠረው ለጨዋታ አልነበረም፣ መሬት ለማግኘት ነበር አሉ። ከዋናው አባት እስከ ራስህ ያለውን ሰንሰለት ዳኛ ፊት ካላቀረብክ እርሻ የለህም። ሣጥናቸው ውስጥ የፍርድ ቤት ወረቀት አለ፣ ስሞቹ እንደ ሰንሰለት ተያይዘው የተጻፉበት። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት ሲታወጅ ክርክሩ ሞተ፤ ቆጠራውም አብሮ ተዳከመ። ግን ተጠንቀቅ አሉኝ። ለመሬት ሲባል የሌለ አባት መሀል ላይ ይገባል። ዘሩ በጣም ቀጥ ብሎ ከመጣልህ ያን ጊዜ ጠርጥር። ስለዚህ እያንዳንዱ ስም ሥር ማን እንደነገረህ፣ መቼ እንደነገረህ ጻፍ።

20ኛው ቡራዩ የሚኖር የኦሮሞ ልጅ ነው። በጉዲፈቻ ያደገ አባት አለው። በነሱ ወግ ጉዲፈቻ ልጅ ነው፣ ዘሩም በአሳዳጊው ይቆጠራል፣ ጋብቻም የሚከለከለው በዚያው ጎሳ ነው። ፕሮግራሙ ግን ምርጫ ይጠይቀዋል፦ የተወለደ ወይስ የማደጎ? አባቱን የማደጎ ብሎ መጻፍ እጁ እንቢ አለው። 21ኛዋ ሁለቱንም አስገባ፣ ወላጆቹንም አሳዳጊዎቹንም፣ ፕሮግራሙ ይቀበላል አለችው። አመሰገናት፤ እስካሁን ግን ይሙላው አይሙላው አላውቅም።

22ኛው ላይ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። መሀል ላይ የሁለቱን ወገን የሞቱ ሰዎች ዝርዝር ለጥፌ ነበር። አንድ ሰው በጥሞና አይቶታል። የናንተ አምስተኛ ቤት ዐድዋ የዘመተ የምንጃር ሰው ነው፣ የክርስትና ስሙ ብቻ ነው ያለህ። የልጅቷም አምስተኛ ቤት ዐድዋ የዘመተ የምንጃር ሰው ነው፣ ያላቸው ግን በ«አባ» የሚጀምር የፈረስ ስም ብቻ። አንድ ሰው ቢሆንስ? ዐፄ ምኒልክ ሣህለ ማርያምም ነበሩ፣ አባ ዳኘውም። ዐፄ ቴዎድሮስ ካሣም ነበሩ፣ አባ ታጠቅም። እያንዳንዳቸውን ሦስት ሰው አድርጎ የሚያስገባ ሞኝ የለም፣ የገበሬን ግን ማን ያውቃል?

ሠርጉ ጥር ላይ ነው። አዳራሹ ተይዟል። ለወንድሜም ለልጁም ትንፍሽ ሳልል በማግስቱ አክስቴ ጋ ደወልኩ። ሰውዬው የፈረስ ስም ነበረው ወይ አልኳት። እየሳቀች መተንፈስ አቃታት። የምን ፈረስ፣ አለችኝ፣ ዐድዋ የሄደው ስንቅ የጫነች አህያ እየነዳ በእግሩ ነው። አህያዋ ስትመለስ ትግሬ ምድር ላይ ሞተችበትና ጭነቱን ራሱ ተሸክሞ ገባ። መንደሩ ሁሉ ዕድሜ ልኩን በዚያች አህያ ሲያሾፍበት ኖረ። ለመሆኑ ያ ኮምፒውተርህ ለአህያ ቦታ አለው ወይ ብላ ስልኩን ዘጋችው።

23ኛው መልስ የኔው ነው፤ ይህንኑ ጻፍኩ። የ19ኛውን ሰውዬ ምክር ሰምቼ ማስታወሻው ላይ አክስቴ የተናገረችውን እንዳለ፣ ከቀኑ ጋር አስገብቻለሁ። አህያዋንም።

በዚያው ሰሞን ልጄ ላፕቶፑ ላይ ሻይ ደፋበት። አልሞተም፤ ግን ደንግጬ ሁሉንም በጌድኮም ፋይል አውጥቼ ፍላሽ ላይ፣ ለወንድሜም በቴሌግራም ላክሁ። ጌድኮም ከ1984 ጀምሮ ያለ የዘር ሐረግ ፋይል ዓይነት ነው፣ ብዙው ፕሮግራም ያነበዋል። ስታወጡ የፊደል ኮዱ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን እዩ፤ ያለዚያ አማርኛው ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል።

24ኛው የትኛው ላፕቶፕ ይሻላል፣ ስንት ጂቢ ራም ብሎ ጠይቋል። አሮጌም ይበቃል ወንድሜ፣ የኔን አላየኸውም።

የልጅቷ አያት የአባቶቹን ዝርዝር አይተው ደኅና ነው ብለዋል። የእናቶቹንስ ብለው ደግሞ ጠይቀዋል። 8ኛዋ እህት ይህን ስታነብ ምን እንደምትል አውቃለሁ። የፊታችን ቅዳሜ አረርቲ ነኝ። አክስቴ የእናቷን እናት ስም የምታውቅ አንዲት የዕድሜ እኩያዋ አረርቲ ውስጥ አለች ብላኛለች፤ ጆሮዋ ትንሽ ይከብዳታል አሉ፣ ጮክ ብዬ ነው የምጠይቃት።